የከተማ ምክር ቤት ውሳኔና የቤታችን ኑሮ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከእኛ በፊት የነበሩት ተመራቂዎች በዚህ ቦታ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ወላጅ ውለታ፥ ስለ ጊዜ ክቡርነት ተናግረዋል፤ መልካምም ተናግረዋል። እኛ ይዘነው የመጣነው ጉዳይ ግን ስለ ቧንቧ ውሃ፥ ስለ ቆሻሻ ገንዳ፥ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ቤት ኪራይ የሚወራበት ስለ ሆነ ለበዓል ልብስ የማይስማማ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ ጠዋት ከዚህ አዳራሽ ከመድረሳችን በፊት ሁላችንም በእነዚህ ነገሮች መካከል አልፈን ነው የመጣነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ታግሣችሁ እንድትሰሙን እንለምናለን።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን መታወቂያ ነው። ዘንድሮ ከክፍላችን የሚበዙት ተማሪዎች 18 ዓመት ስለ ሞላቸው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ወደየወረዳቸው ሄደው ነበር። ወላጆቻችን በኪራይ ቤት የሚኖሩ እንደ ሆነ አከራያችሁ መጥቶ ይመስክር ተባልን፤ ሰፈር ለውጠን እንደ ሆነ ደግሞ ከቀድሞው ወረዳችሁ መሸኛ አምጡ ተባልን። መሸኛ ፍለጋ የሄደው አንዱ ጓደኛችን የተወለደበት ሰፈር ፈርሶ ስላገኘው ጽሕፈት ቤቱ ወዴት እንደ ተዛወረ ሲጠይቅ ዋለ። ያች ትንሽ ካርድ ከሌለች ከሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር መግዛት፥ ለቤት መመዝገብ፥ በመራጭነት መዝገብ ላይ መግባት ሁሉ ችግር ነው። እንግዲህ ከወረዳው ደጃፍ ቆመን ተራ ስንጠብቅ፥ የዚህን ሁሉ ሥርዓት የሚወስነው ማን ነው? መቼስ ተወሰነ? ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። የሥነ ዜጋ መምህራችንም ጥያቄውን ሰምተው አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ሰጡን፤ በየቤታችን ከማለዳ እስከ ማታ የሚያጋጥመንን ነገርና የወሰነውን ክፍል በዚያ ላይ እንድንጽፍ አዘዙን። ዛሬ የምንናገረው ከዚያ ደብተር የወጣውን ነው።

አስቀድሞ ምክር ቤቱ ራሱ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በየቤታችን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ማዘጋጃ ቤት ነው» ወይም «መንግሥት ነው» የሚል ነበር። አያቶቻችን ማዘጋጃ ቤት የሚሉት በ1950ዎቹ ዓመታት በቸርችል ጎዳና ራስጌ ላይ የተሠራውን፥ አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ኢጣሊያዊ የነደፈውን ትልቅ ሕንፃ ነው። ዛሬ የከተማይቱ ሥልጣን የሚመነጨው በ1987 ዓ.ም. ከጸናው ሕገ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው፥ የከተማው አስተዳደርም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደ ሆነ ተጽፏል። ዝርዝሩን የያዘው ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው። ምክር ቤቱ 138 መቀመጫ አለው፤ ዘመኑም 5 ዓመት ነው። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤት ዘመኑ ሲፈጸም ምርጫው ስለ ተላለፈ፥ ነዋሪው እንደ ገና ድምፅ የሰጠው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። 5 ዓመት የተባለው 8 ዓመት ሆነ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የነበሩ ታላላቆቻችን ምርጫው ሲደረግ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነበር።

ከዚህም በቀር በደብተራችን ላይ ብዙ ያከራከረን አንድ ነገር አለ። ምክር ቤቱ አዋጅ ያወጣል፤ ካቢኔው በአዋጁ ሥር ደንብ ያወጣል፤ ቢሮዎቹ ደግሞ በደንቡ ሥር መመሪያ ያወጣሉ። አዋጁ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ይነገራል፤ እጃችንን የሚይዘን ግን አብዛኛውን ጊዜ መመሪያው ነው። «አከራይ ይመስክር» የሚለው ቃል በ138ቱ ሰዎች ፊት ተነብቦ እጅ የወጣበት አይመስለንም፤ ከዚያ በታች ባለ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሰው ምክር ቤቱን ሲያመሰግንም ሆነ ሲያማርር አስቀድሞ ነገሩ ከየትኛው ጠረጴዛ እንደ ወጣ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ውሳኔ የሚያልቀው በወሰኑት ሰዎች ዘመን አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እንጨት ስላለቀ ከተማይቱ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ተክል መስፋፋቱ ባለችበት እንድትቀር ረዳት። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳውን ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አንሥተው፥ አበሻው ከነጩ ተለይቶ እንዲኖር ሲሉ ወደ ምዕራብ ወሰዱት። እነሱ የቆዩት 5 ዓመት ብቻ ነው። እናቶቻችን ግን ከ80 ዓመት በኋላ ዛሬም በርበሬና ጨርቅ ለመግዛት የሚሄዱት መርካቶ ነው፤ ዘቢሉን ተሸክመን የምንመለሰውም እኛ ነን።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የከተማችን ውሃ የሚመጣው ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፥ እንዲሁም በአቃቂ በኩል ከተቆፈሩት ጕድጓዶች ነው። ለሁሉ ስለማይበቃ በፈረቃ ይታደላል። ፈረቃው ሌሊት የደረሰባቸው ቤቶች እናቶች ሌሊቱን በቧንቧው ድምፅ ሲነቁ ያድራሉ፤ ጀሪካንና በርሜል ሞልተው ሲጨርሱ ይነጋል። ስለ ውሃው ማነስ ሁሉም ያውቃል፤ እኛን ያስደነቀን ግን የዋጋው አወጣጥ ነው። ታሪፉ የተሠራው ጥቂት የሚጠቀም ጥቂት እንዲከፍል፥ ብዙ የሚጠቀም ደግሞ ለያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ከፍ ያለ ዋጋ እንዲከፍል ሆኖ ነው። ሐሳቡ ድኻውን ለመርዳት ነው፤ ሲነበብም ያስደስታል። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ 6 ወይም 7 ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው የሚያውቀው አንድ ትልቅ ጠጪ እንጂ ሰባት ድኾችን አይደለም። ስለዚህ የግቢው ሰዎች ውሃቸው እንደ ሀብታም አትክልት ቦታ ውሃ በላይኛው ዋጋ ይታሰብባቸዋል። ከዚያም ባለ ቆጣሪው በበኩሉ በጀሪካን ሒሳብ ያስከፍላቸዋል። ይህን የጻፈችው የክፍላችን ተማሪ ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርታ ባሳየችን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ። ታሪፉን የነደፉት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ የጋራ ግቢውን አላዩትም፥ ወይም አይተው ረሱት።

ስለ መንገድ ብዙ አንልም፤ የታክሲን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የታክሲው ታሪፍና የሚሄድበት መስመር በትራንስፖርት ቢሮ ይወሰናል፤ ረዳቱ «ታፔላው አይፈቅድም» ሲለን የሚናገረው ይኸን ነው፤ ሲመሽ ግን ታፔላው ሲፈቅድም እናያለን። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በአነስተኛ ዋጋ ብዙ ሰው ያጓጕዛል። ሆኖም ሐዲዱ በምድር ላይ በታጠረበት ቦታ ሁሉ በወዲያና በወዲህ የነበሩት ጎረቤቶች ባሕር የተከፈለባቸው ያህል ተለያይተዋል፤ ፊት ለፊቷ ከምታየው ዳቦ ቤት ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ረዥም መንገድ የምትዞር አሮጊት አለች። በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በተገደበ ጊዜም ምክንያቱ ወንጀልን መከላከል ነበር፤ በሞተሩ ዕቃ እያመላለሰ ታናናሾቹን ሲያስተምር የነበረ ወጣት ግን በማግሥቱ ምን ይሥራ?

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ነው። ቆሻሻችንን በማዳበሪያ አሥረን ለሰብሳቢ ማኅበራት እንሰጣለን፤ ክፍያው ከውሃው ሒሳብ ጋራ ይመጣል፤ ጋሪው ወደ ገንዳ፥ ገንዳው በመኪና ተጭኖ ወዲያ ይሄዳል። ወዲያ የት ነው? ከክፍላችን ብዙዎቹ ይኸን ጠይቀው አያውቁም ነበር። ወዲያ ማለት ከ50 ዓመት በላይ የከተማይቱ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ረጲ ነው፤ ሕዝቡ «ቆሼ» ይለዋል። በጊዜው ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማይቱ አድጋ ደረሰችበትና ሰዎች ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው መኖር ጀመሩ። ከቆሻሻው ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚሸጡም ብዙ ነበሩ።

የከተማው አስተዳደር በሌላ ስፍራ በሰንዳፋ በኩል አዲስ ማስወገጃ አሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ከፈተ። ሰንዳፋ ግን ከከተማይቱ ክልል ውጭ ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች ሽታው ቤታችንን፥ ፍሳሹ ውሃችንንና ከብቶቻችንን ጐዳብን ብለው ተቃወሙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ማስወገጃው ተዘጋ። የቆሻሻው መኪና ሁሉ ተመልሶ ወደ ቆሼ ሄደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 ሰው በላይ ሞተ፤ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአገሪቱ የ3 ቀን ሐዘን ታወጀ። ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ በዚያው በረጲ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. ማለቂያ ነው።

እስቲ ይህን ነገር በዝግታ እንመልከተው። የሰንዳፋ ገበሬዎች ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ድምፅ አይሰጡም፤ ሆኖም የእኛ ምክር ቤትና አስተዳደር የወሰነው ውሳኔ ከደጃቸው ወደቀ። ስለዚህ ያላቸው ድምፅ መንገድ ላይ ወጥቶ መጮህ ብቻ ነበር። ጩኸታቸው ተሰማ፤ ነገር ግን ቆሻሻው በአየር ላይ ሊቆም ስለማይችል ድምፃቸው ወዳልተሰማ ሌሎች ድኾች ተመለሰ። እኛ የሁለቱንም ወገን ስናይ ጥፋተኛ ብለን አንዱን ሰው መጠቆም አልቻልንም። ግን ደግሞ ዕጣ ብቻ ነው ብለን ልንተወው አንችልም፤ ምክንያቱም ተራራው ማደጉን በየቀኑ የሚያይ ሰው ነበረ፤ የቤቶቹም ቁጥር እንደዚሁ።

ወደ ቤት ጉዳይ እንመለስ፤ በደብተራችን ላይ ሰፊውን ገጽ የያዘው ይኸ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ይህ አዋጅ የከተማ ምክር ቤት ሳይሆን የደርግ ነው። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከክፍላችን ጥቂቶቹ ዛሬም የሚኖሩት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። ኪራዩ ጥቂት ብር ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ለማደስ የሚከጅል የለም፥ የራሱ አይደለምና። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤት፥ ማለት ኮንዶሚኒየም፥ ሊሠራ ነዋሪው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፥ 20/80፥ 40/60 በሚባሉት ፈርጆች እንደ ገና ተመዘገበ። በ10/90 አንዱ አሥረኛ በቅድሚያ ይቆጠባል፤ የቀረው በባንክ ብድር ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ዕጣ መጠበቅ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በኮምፒዩተሩ ላይ ማጭበርበር ተደርጓል ተብሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዳግመኛ ወጣ። ስሟን በመጀመሪያው ዝርዝር አይታ እልል ያለች፥ ጎረቤት ጠርታ ቡና ያፈላች፥ በሁለተኛው ግን ስሟ የጠፋባት እናት ምን እንደ ተሰማት አስቡት።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀመረ። የፒያሳና የአካባቢው ሰፈሮች፥ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉት፥ ፈረሱ፤ በተከታዩ ዓመት ሥራው ወደ ካዛንችስ ተሻገረ፤ ከዚያ የተነሡት ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። በመንገዱ ሥራ በኩል እውነቱን እንናገር፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ መብራት በርቷል፤ የብስክሌት መሥመር ተሠርቷል። ከከተማይቱ ሰው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ስለ ሆነ ይህ ለሀብታም የተሠራ ነው ማለት አይቻልም። ከክፍላችን ሴት ልጆች ሁለቱ ከማታ ትምህርት ሲመለሱ ከእንግዲህ እንደማይፈሩ ጽፈዋል።

ከክፍላችን አንዷ ልጅ ግን ቤታቸው በመንገዱ ክልል ውስጥ ስለ ነበረ ተነሥተው ከከተማው ዳርቻ ካለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ስሟን አንጠራም፤ እርስዋም እንዳንጠራ ጠይቃናለች። በመጀመሪያ የደስታውን ነገረችን። በሕይወቷ የመጀመሪያውን ጊዜ የራሳቸው መጸዳጃ ቤት አላቸው፤ በር ዘግታ የምታጠናበት ክፍል አላት። ቀጥላም የቀረውን ነገረችን። አያቷ በቀድሞው ሰፈር እንጀራ ጋግረው ለታወቁ ደንበኞች ይሸጡ ነበር፤ ባለ ሱቁ ዘይትና ሳሙና በዱቤ እየሰጠ በወር መጨረሻ ይቀበላቸው ነበር። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደንበኛ የለም፤ ዱቤ የሚሰጥ የሚያውቃቸው ባለ ሱቅም የለም። ልጅቱ ትምህርት ቤት ላለመለወጥ ብላ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስታንቀላፋ መምህራችን ለምን እንደማይቈጧት ብዙዎቻችን አሁን ገባን።

የዕድሩም ነገር አለ። የሰፈሩ ሰው በሦስት ልዩ ልዩ ቦታ ስለ ተበተነ ድንኳኑን፥ ወንበሩንና ድስቱን ማን ይያዝ የሚል ክርክር ተነሣ። አያቷ ከ30 ዓመት በላይ መዋጮ ከፍለዋል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ዕቃው በአንድ ቦታ ተቀምጦ ሐዘን በደረሰ ጊዜ በጭነት መኪና እንዲመጣ ወሰኑ፤ ለመኪናው ኪራይ ግን በወር መዋጮው ላይ ተጨማሪ ሆነ። እንዲህ ያለው ወጪ በየትኛው የካሣ ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋል? ቤቱ ተለክቷል፤ ጎረቤቱ ግን አልተለካም። ደግሞም ምትክ ቤት የሚሰጠው በቀበሌው መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። በአንዱ ክፍል ውስጥ በደባልነት ወይም በተከራይነት የሚኖረው ሰው ቤቱ ሲፈርስ የሚይዘው ወረቀት ስለሌለው ሌላ ኪራይ ቤት ፍለጋ ይወጣል። የክፍላችን አንድ ጓደኛ በዚህ ምክንያት ከቤተሰቡ ጋራ ወደ አባቱ አገር ሄዶ በመካከላችን የለም፤ በዚህ መጽሔት የተመራቂዎች ፎቶግራፍ ውስጥም አታገኙትም።

ምክር ቤትና አስተዳደር ሸክም ብቻ ያመጣሉ እንዳይባልብን የምሳውንም ነገር እናንሣ። በ2012 የትምህርት ዘመን የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ማብላት፥ ደንብ ልብስና ደብተርም መስጠት ጀመረ። የእኛ ትምህርት ቤት የሚሲዮን ስለ ሆነ እኛን አይመለከተንም፤ ታናናሾቻችንን ግን ይመለከታቸዋል። ቀድሞ አንዳንድ ልጅ በባዶ ሆዱ መጥቶ በሰልፍ ላይ ራሱን ይስት እንደ ነበር፥ እረፍት ሲደወልም የሚበላው ስለሌለው ከጓደኞቹ ይሸሽ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ነግረውናል። አሁን ልጁ ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ እናቱም ከምግብ አብሳዮቹ አንዷ ሆና ደመወዝ ታገኛለች። የአንዷ ተማሪ ታናሽ ወንድም፥ «ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤት ለምን ይዘጋል?» ብሎ ማማረሩ በደብተራችን ላይ ተጽፏል። ይህን ዓይነት አቤቱታ ቢሰሙ የምክር ቤቱም አባሎች ደስ የሚላቸው ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ በክፍላችን ክርክር ሆነ። ከፊሎቹ፥ «ከተማ እያንዳንዱን ነዋሪ በማስፈቀድ አይሠራም፤ አንዱ እሺ ሲል አንዱ እንቢ ይላል፤ በዚህ መንገድ መንገድም ግድብም አይወጣም» አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ፥ «ያልተጠየቀ ሰው የተሠራለትን አይጠብቅም» ሲሉ መለሱ። ክርክሩ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀ፤ የሒሳብ መምህራችንም ሰዓታቸውን ስለ ሰጡን እናመሰግናቸዋለን፥ ወደው ይሁን ሳይወዱ አናውቅም። በበኩላችን የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ፈቃድ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ማወቅ ያለበትን ነገር ለማወቅ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ውሳኔውን በድምፅ ብልጫ ይወስን፤ ሥልጣኑ ነው። ነገር ግን በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀም፥ ዕድሩ ድንኳኑን የት እንደሚያስቀምጥ፥ ከቆሻሻው ክምር ሥር ማን እንደሚተኛ የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው እንጂ ቢሮው አይደለም። ይህን ሰው ሳይጠይቁ መወሰን ለወሳኙም ኪሣራ ነው፤ ሰንዳፋ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ይመስክር።

በሌላ በኩል ስንጠየቅም አንሄድም። የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ከየቤታችን የሚሄደው ማን ነው? ሥራ የሌለው ይሂድ ይባላል። አባቶቻችን፥ «እዚያ የሚወራው ያለቀ ነገር ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያለቀ የሚያደርገው ምናልባት የባዶው ወንበር ብዛት ይሆናል። ለ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የከተማው በጀት 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ለ2017 ዓ.ም. 230 ቢሊዮን ገደማ ሆነ። ገንዘቡ የሚበዛው ከነዋሪው በግብርና በልዩ ልዩ ክፍያ የተሰበሰበ ነው። ወላጆቻችን ለዕድር በምትከፍሉት መዋጮ ላይ የገንዘብ ያዡን ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ ትመረምራላችሁ፤ ደረሰኝ ካጐደለም ታስወርዱታላችሁ። በቢሊዮን ለሚቈጠረው ግን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ ዓመቱ ያልፋል።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ስለዚህ በጀቱ የሚመከርበት ጊዜ እኛ የመጨረሻውን ፈተና ከምንፈተንበት ወራት ጋራ ይገጥማል። የክፍላችን ተማሪዎች ፈተናውን እንደ ጨረስን በየወረዳችን ያለውን ስብሰባ ጠይቀን ለመሄድ ተስማምተናል፤ ሦስት ጥያቄዎችም አዘጋጅተናል። አንደኛው ስለ ጋራ ቆጣሪ ታሪፍ፥ ሁለተኛው ሰፈር ሲነሣ የተማሪዎች ትምህርት በዓመቱ መካከል እንዳይቋረጥ የመነሻው ቀን ወደ ክረምት እንዲሆን፥ ሦስተኛው ስለ ደባሎች ነው። ወላጆቻችን አብራችሁን እንድትመጡ እንለምናለን፤ 18 ዓመት የሞላን ብንሆንም በስብሰባ ላይ ልጅ ሲናገር ሰብሳቢው ሰዓቱን እንደሚያይ ሰምተናል። ደብተሩን ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተናል፤ የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከመስከረም ጀምሮ እንድትቀጥሉበት ባዶ ገጾች ትተንላችኋል።